የኮሮና ጊዜ ልጄን ይዤ ወደ ደሴ

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። መርካቶ ዳር ሁለት ወንበር ያላት ቤት አለችኝ። የሙያዬ ግማሹ መቀስ ነው፣ ግማሹ ወሬ፤ ደንበኞቼ እንደሚሉት የበረታሁት በሁለተኛው ነው። እንዲህ ያለው ለፍላፊ የማትናገር ልጅ ሲወልድ ሰፈሩ ምን እንደሚል ገምቱት። «ጀማል፣ የሷን ድርሻ አንተ ጨርሰኸው ነው» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ያልቃል።

ሂክማ የተወለደችው ኮሮና በገባ በሁለተኛው ወር ነው። ሱቄ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ደግሞ ባሰ፤ የስንቱን ሰው ትንፋሽ ፊት ለፊት ስቀበል ውዬ ማታ አራስ ልጅ ላቅፍ ነው። ስለዚህ ቤትም ውስጥ ማስክ አላወልቅም አልኩ። ዓመት ከምናምን ልጄን በማስክ አቀፍኳት፣ በማስክ አስተኛኋት። ዘመድ አይገባም፣ ጎረቤት አይስማትም። እናቷ ዘይነባ ሥራ ስትገባ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ሞግዚቷ ቴሌቪዥን ነበር።

አሁን አምስት ዓመት አልፏታል። «አባ ውሃ»፣ «እንቢ»፣ «ና» ትላለች፤ ከዚያ የረዘመ ነገር ከስንት አንዴ ነው። ጆሮዋን አስመረመርን፤ ደህና ነው። በቀደም አስተማሪዋ «ለጥያቄ መልስ አትሰጥም፤ አንደኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት የአእምሮ እድገቷ ይታይ» የሚል ወረቀት ላከች። ወረቀቱን ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ያ ማስክ ነው። የልጄን ጭንቅላት ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ፣ በልቤ። ለዘይነባም አልነገርኳትም። በሕይወቴ ሳልናገር የያዝኩት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ዘይነባ የደሴ ልጅ ናት። አክስቷ ደውለው «በኮሮና ጊዜ የተወለዱ ልጆችን የምታይ ሲስተር ሰፈራችን አለች፤ አምጧት» አሉ። ዘይነባ ፈቃድ አጣች። እኔ ተላኩ።

የመጀመሪያው ቀን

መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ ሦስት ሰው ጠይቄ ነበር። አንዱ «ሰላም ነው» አለኝ፣ አንዱ «ዱዓ አድርግ»፣ አንዱ ደግሞ «ምን ሰበብ አለህ?»። ዱዓውን ከ«ሰላም ነው» ጋር ደምሬ ሁለት ለአንድ በማሸነፍ ተሳፈርኩ።

ዘይነባ በጠዋት ስለወጣች የሂክማን ፀጉር የሠራሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፀጉር ቆርጫለሁ፤ ለካ መጎንጎን ሌላ ሀገር ነው። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ የከሚሴ ሰው ናቸው፤ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ የልጄን ራስ እያዩ ታገሱ። ከዚያ አልቻሉም።

«አፉ በለኝ ልጄ፣ እናቷ የለችም?»

«አለች።»

«ታዲያ ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር አስተካካይ።»

ከፊታችን ያሉት ሁለት ወንበሮች በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ሴትዮዋ አልሳቁም። ሂክማን ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ሥራዬን በሙሉ ፈቱና ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር እንደገና ሠሩት። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው የልጄን ፀጉር ቢነካ ጠብ ነው የሚነሳው። እዚህ ልጄ እንደ ንግሥት ተሠርታ፣ እኔ ማበጠሪያ ይዤ እያቀበልኩ ዋሻው ውስጥ ገባን።

ሂክማ ታስታውክ ይሆናል ብዬ አራት ፌስታል ይዤ ነበር። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀመር ሦስቱን የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። ልጄ አራተኛውን ከፍታ በሁለት እጇ ይዛ ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሴትዮዋ «ማሻአላህ፣ አስተዋይ ልጅ ናት» አሉ። እኔ ፌስታል ውስጥ ሆኜ ነው የሰማኋቸው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከሚሴ ምሳ በላን፤ እኔ እንኳ ሻይ ነው የጠጣሁት። ሴትዮዋ ሲወርዱ ለሂክማ አንድ ፓፓዬ ሰጥተዋት «አላህ ያግራላችሁ» ብለው ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ብቻዬን ሳወራ ረሳሁት።

ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አልፈን የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ። አዲስ አበባ ይበርዳል የሚል ሰው አመሻሽ ላይ ደሴ ይውረድ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የዘይነባ አክስት ዘሀራና ባላቸው ሐጂ እንድሪስ በር ላይ ቆመው ነበር። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የነካው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን የመጡ ናቸው ይባላል።

የደሴን ሰላምታ ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ አዲስ አበባ «ሰላም ነው?» ብለን መልሱ ሳይመጣ ጥግ ታጥፈናል። ሐጂ ይጠይቃሉ፣ ቆመው መልሱን ይሰማሉ፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጠይቃሉ። ስለ ዘይነባ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ጎንበስ አሉና «አንቺስ እንዴት ነሽ ልጄ?» አሏት።

«ደህና ናት አልሐምዱሊላህ! መንገድ ደክሟት ነው እንጂ...» አልኩ።

ሐጂ ፈገግ አሉ። «አንተን ጠይቄ ጨርሻለሁ ጀማሌ። አሁን እሷን ነው።»

ሂክማ ዝም አለች። እሳቸው ግን አልተከፉም። አክስት ዘሀራ ሾርባና ሩዝ አቀረቡ፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡልን። እንደ ሳምቡሳ ተጠቅልዬ ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ጉም ነበር፣ ካፊያም ነበር። ሲስተር መሬማ ያለችበት ክሊኒክ ሩቅ አይደለም ብለውኝ ሂክማን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። አዲስ አበቤ ጫማ የደሴን ጭቃ አያውቅም። እጇን ለቅቄ ተንሸራተትኩና አንድ የእህል መደብር ደጃፍ ድረስ በመቀመጫዬ ደረስኩ። ባለ መደብሩ ወጥቶ አየኝ።

«መርሐባ» አለኝ፣ ቀጠሮ እንደያዝን ሁሉ። «ግባ፤ በዚህ ሱሪ የትም አትሄድም።»

ሱሪዬን ተቀብሎ ለሚስቱ ላከ፣ የራሱን ሽርጥ ሰጠኝ። «ሲደርቅ እንለዋወጣለን» አለ። ለሂክማ ደግሞ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ በወረቀት ጠቀለለላት። ወሎዬ ሽርጥ ለብሶ ተራራ ይወጣል፤ እኔ ሜዳ ላይ ሁለት ጊዜ ተፈታብኝ። የልጄን አእምሮ ላስመረምር ክሊኒክ የገባሁት በአንድ እጄ ልጄን፣ በአንድ እጄ ሽርጤን ይዤ ነው።

ሲስተር መሬማ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጅቷን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው የራሷን ማስክ ማውለቅ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። የአህያ፣ የቁልፍ፣ የጃንጥላ ሥዕል ዘረጋች።

«ሂክማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቁልፍ!» አልኩ እኔ። «እቤት ታውቀዋለች፣ በፊት እንዲያውም አንድ ቀን...»

«የሂክማ አባት፣ የምመረምረው እርስዎን አይደለም» አለች ሲስተር።

«አፉ በይኝ።»

ጃንጥላው ላይ ደግሜ አመለጠኝ። ጎበዝ ነኝ፣ ሁሉንም አወቅኩ። ሂክማ አንዱንም አልተናገረችም። «አህያው የቱ ነው?» ስትላት ግን በጣቷ አሳየች፤ ሁሉንም አሳየች፣ አንድ አልሳተችም። ኩብ እንጨቶቹን እኔ ከምችለው በላይ ከፍ አድርጋ ደረደረች።

ያን ጊዜ ነው ለሲስተር የነገርኳት። ስለ ማስኩ፣ ስለ ተዘጋው በር፣ ስለ ቴሌቪዥኑ። ስጨርስ ሽርጤን ለቅቄው ነበር መሰለኝ፣ ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞራ ጠበቀችኝ።

«ስሙኝ» አለች፣ ካስተካከልኩ በኋላ። «የሕፃን አእምሮ ከሰው ነው የሚማረው። «አጉ» ይላል፣ «አጉ» ይሉታል፤ ይስቃል፣ ይስቁለታል። በዚህ ቅብብል ነው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ክር የሚያያዘው። ኮሮና የቀነሰው ቅብብሉን ነው። አያት ቀረ፣ ጎረቤት ቀረ፣ እናትና አባት ተጨነቁ፣ ስክሪን በዛ። በሌላም ሀገር ሲያጠኑት በንግግር ዘግየት ያሉ ልጆች አግኝተዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ እየደረሱ ነው ይላሉ። ነገሩ ተጠንቶ አላለቀም። እኛ ዘንድ ከበሽታው ላይ ጦርነት ስለተጨመረ የቱ የቱን እንዳመጣ እኔም መለየት ያቅተኛል።»

«ማስኩስ?»

«ማስኩ ብቻውን ይህን አደረገ ብዬ አልፈርድብዎትም። አፍዎን ባታይ ዓይንዎን አይታለች፣ ድምፅዎን ሰምታለች። ልጅቷ ነገር ይገባታል፤ መውጫው ነው የጠፋት። ለምን እንደሆነ ግን እዚህ ተቀምጬ አላውቀውም። ክሊኒክ ውስጥ ልጅ ልጅ አይሆንም። ነገ ሐጂ ቤት ለምሳ እመጣለሁ፤ አብሽሩ።»

ሐኪም እቤታችሁ ድረስ ልምጣ ሲላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት እንደሚያስከፍል ነው የሚታሰበው። እሷ ሽሮ ቢሆንም ግድ የለኝም ብላ ነው የወጣችው። ስንመለስ መደብሩ ውስጥ ሱሪዬ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ጠበቀኝ። ከአዲስ አበባ ስነሳ እንኳ አልተተኮሰም ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ውለታ ለመመለስ ያለኝ ነገር መቀስ ነው። ከምሳ በፊት ሐጂን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ የጢማቸውን ዳር ላስተካክል ጉንጫቸውን ሳሙና ቀባሁ። ሲስተር መሬማ ስትገባ በሥራ ላይ ነበርኩ።

«ንግድ እንዴት ነው ሐጂ? ያው፣ ዘንድሮ ጨርቅ ተወዷል። ለሠርግ ይገዛል አይደል? ይገዛል እንጂ! ውሃው ቀዘቀዘብዎ? አልቀዘቀዘም። ጎሽ።»

ሐጂ ዓይናቸው ብቻ ይስቃል። ከንፈራቸው ላይ ሳሙና አለ፣ ምን ይበሉ?

«ሁሌም እንዲህ ነው የሚያወሩት?» አለች ሲስተር።

«ምን ላድርግ፣ የሙያ ጠባይ ነው። ደንበኛ አፉን ከከፈተ ሳሙናው ይገባል፣ ወይ ምላጩ ይስታል። እኔው ጠይቄ እኔው እመልሳለሁ። ሃያ ዓመት ቅሬታ ያቀረበ የለም።»

«በየት አፉ!» አሉ አክስት ዘሀራ ከጓዳ።

ምሳው ፈታ የሚሉት የዳቦ ፍትፍት ነበር፣ በቅቤ የራሰ። እኔ ሁለት ሰሃን በላሁ፤ የፌስታሉን ቀን ለማካካስ ነው። ከተበላ በኋላ ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። የወሎ ሽማግሌ ዱዓ እንደ እኛ ሰፈር ጥድፊያ የለውም። አንድ ቃል ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ ቤቱ «አሚን» ይላል፣ ይቀጥላሉ።

«አላህ ያሳድጋት።»

«አሚን» አልን።

ሐጂ ሊቀጥሉ ከንፈራቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሂክማን ነው የሚያዩት። ትናንሽ እጆቿን ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቤቱ ጭር አለ። እኔ ጭር ያለ ቤት አልችልም፤ «በይ አሚን በይ ሂክማዬ፣ እቤት እኮ...» ልል ስል ሲስተር መሬማ እጄን ጨበጠችው፤ አጨባበጧ የመርፌ ያህል ነበር።

ሐጂ ጠበቁ። እጃቸው አልወረደም፣ ፊታቸው አልተቸኮለም። አክስት ዘሀራ ጠበቁ።

«አሚን» አለች ሂክማ።

ሐጂ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። «አላህ እናት አባቷን ያኑርላት።» እኛ «አሚን» አልን። ቆሙ። ጠበቁ። መጣች፣ «አሚን»። ሦስተኛው ላይ ቶሎ መጣች። አራተኛው ላይ ከእኛ እኩል ለመድረስ ትንሽ ነበር የቀራት። እኔ ዱዓውን ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ ግን ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሲስተር እደጅ ጠራችኝ። «አዩ?»

«አየሁ። ሐጂ ዱዓቸው...»

«ቆይ፣ አይመልሱልኝ። ልጅቷ መልስ አላት። ከእኔና ከእርስዎ ዘግይታ ነው የምታገኘው። እርስዎ ደግሞ ከማስኩ ጊዜ ጀምሮ ጎዳኋት ብለው ሲፈሩ ዝምታውን ሁሉ በወሬ ሞሉት። እርስዎ ጠይቀው እርስዎ ይመልሱላታል። ልጅዎ አምስት ዓመት ሙሉ ጉንጯ ላይ ሳሙና ተቀብቶ ተቀምጣለች።»

የምመልሰው ነገር ነበረኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለስኩም።

«ይህ በሽታዋን ሁሉ ያድናል ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «አዲስ አበባ የንግግር ባለሙያ ይያት፣ ከስድስት ወር በኋላም አምጡልኝ። እቤት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ከዚያ ዝም። ቢያምዎትም ዝም።»

ለትምህርት ቤቱ በራሷ እጅ ደብዳቤ ጻፈች። ከውስጡ አንዱን መስመር በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ይህች ልጅ ትመልሳለች፤ ትጠበቅ።»

አራተኛው ቀን

ሐጂ ከኮምቦልቻ የሚረከቡት ጨርቅ ነበር፤ ወይም እኛን ለመሸኘት ጨርቅ ፈጠሩ። በሚኒባስ አብረውን ወረዱ። ደሴ በጋቢ ተሸፋፍኖ ይነሳል፤ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ኮምቦልቻ ሰው በሸሚዝ ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በግማሽ ሰዓት ከአንዱ መብራት ወደሚቀጥለው ነው የምንደርሰው። አንድ ቤት ገብተን ፉል በላን። ሐጂ ሂክማን «ቃሪያ ይጨመር?» አሏትና ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጠበቋት። አስተናጋጁም ቆሞ ጠበቀ፤ እሱ ለምን እንደሚጠብቅ አያውቅም፣ ሐጂ ስለጠበቁ ነው የጠበቀው። ያን ሁሉ ደንበኛ ትቶ።

«እንቢ» አለች።

«መርሐባ» አሉ ሐጂ፣ ትልቅ ጉዳይ እንደተወሰነ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ላይ ከወጣን በኋላ በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ራሷን ዳሰሱ። እኔን ደግሞ «ጀማሌ፣ አንደበትህ ሸጋ ነው፤ ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው የከረምኩት። ትንሽ አካፍላት» አሉኝ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሲስተር ያዘዘችውን መድኃኒት ጀመርኩ። «ሂክማ፣ ከደሴ ምን ወደድሽ?» ብዬ አፌን ዘጋሁ።

መስኮቱን ታያለች። መልስ የለም። ብርዱን ነው? ሙሸበኩን ነው? አክስት ዘሀራን ነው? እያንዳንዱ ምላሴ ጫፍ ድረስ እየመጣ ተመለሰ። የኮምቦልቻ ቤቶች አለቁ። አጠገባችን የተቀመጠው ሰውዬ ወሬ ሊጀምረኝ «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ሲለኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ ዲዳ መሰልኩት መሰለኝ፣ አዝኖልኝ ብርቱካን ሰጠኝ። ሰሊጥ ይሁን ማሽላ የማላውቀው ማሳ አለፈ፣ ግመሎች አለፉ። ጥያቄውን ረስታዋለች አልኩ። ልድገመው ይሆን? ቢያምዎትም ዝም ብላለች። አመመኝ፣ ዝም አልኩ።

ሐርቡ ላይ አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ።

«የሐጂን ጥርስ» አለች ሂክማ።

አፌ ውስጥ ያለውን ብርቱካን ዋጥኩና ጠበቅኩ።

«ሁለት የለም። አንዱ እዚህ። አንዱ እዚህ።» በጣቷ በራሷ ከንፈር ላይ ቦታውን አሳየችኝ። አራት ቀን ሙሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ጢማቸውን አስተካክዬ፣ እኔ አላየሁትም። ከዚያ ዞራ አፌን ተመለከተች። «ያንተስ ስንት ነው?»

ስንት እንደሆነ አላውቅም። አፌን ከፈትኩላት።

ወንበሩ ላይ ተንበረከከች፣ አገጬን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጣቷ ከኋላ ጀመረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት...» ጮክ ብላ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። አውቶቡሱ ተነሳ፣ ኮረኮንቹ ላይ ጣቷ ምላሴን ወጋኝ፤ አልዘጋሁም። ሰውዬው «ወንድሜ፣ ሐኪም ናት እንዴ?» አለኝ፤ ልመልስለት አልቻልኩም። አሥራ ሦስትን ዘለለቻት፤ አላረምኳትም። ሃያ ላይ ስትደርስ ቆማ አሰበች። መንጋጋዬ ደክሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አትዝጋ» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»